መልስ፦ «ዶፕሲክ» ላይ የቱ እውነት፣ የቱ ፈጠራ ነው?

«ዶፕሲክ» በአሜሪካ ስለተስፋፋው የኦፒዮይድ (ሱስ የሚያስይዝ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ) ቀውስ የሚተርክ ተከታታይ ድራማ ነው፤ እውነቱም ፈጠራውም ተቀላቅሎበታል። ማይክል ኪተን የሚጫወተው ዶክተር ፊኒክስና የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዋ ቤትሲ በእውን የሉም። የብዙ ሰው ታሪክ ተጨምቆ የተሠሩ ናቸው። መድኃኒት አምራቹ ፐርዱ ፋርማ፣ ከኩባንያው ባለቤት ቤተሰብ የሆነው ሪቻርድ ሳክለርና የሕመም ማስታገሻቸው ኦክሲኮንቲን ግን እውነተኛ ናቸው። ኩባንያውን የከሰሱት ሁለቱ የቨርጂኒያ ዐቃብያነ ሕግም እንደዚያው።

«የመድኃኒቱ ወረቀት ነገር ተጋነነብኝ» ብለሃል፤ ከመድኃኒቱ ጋር የሚወጣውን የመግለጫ ወረቀት ማለትህ ነው። እሱ ነው እንዲያውም ያልተጋነነው! የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1995 (በፈረንጆቹ) ኦክሲኮንቲንን ሲያጸድቅ፣ መድኃኒቱ ወደ ሰውነት የሚገባው ቀስ እያለ ስለሆነ አላግባብ የመወሰድ ዕድሉ እንደሚቀንስ «ይታመናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ወረቀቱ ላይ ሰፈረ። ማን ነው የሚያምነው? በጥናት የተረጋገጠ ነገር አልነበረም። የሽያጭ ሠራተኞቹ ግን ይህችኑ ይዘው ከሐኪም ሐኪም ዞሩ። ሰው ደግሞ ክኒኑን ፈጭቶ በአፍንጫው ሲስበው ያ ሁሉ «ቀስ እያለ» ገደል ይገባል። መድኃኒቱ እንዲጸድቅ የቀረበውን ማመልከቻ ለአስተዳደሩ የገመገመው ኩርቲስ ራይት በኋላ ፐርዱ ተቀጠረ። ይሄም ፈጠራ አይደለም፤ እኔን ከሁሉም ያናደደኝ እሱ ነው።

በ2007 የፐርዱ እህት ኩባንያና ሦስት ኃላፊዎች ጥፋተኝነታቸውን አመኑ። ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፈለ፤ ከሦስቱ ግን እስር ቤት የገባ የለም።

ገና ካልጨረስከው፣ ታሪኩ ወደፊትና ወደኋላ ስለሚዘል ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ዓመት ልብ በል። አለዚያ ይምታታብሃል።