«ምላጩ ከበደኝ፤ ሞላውን ላስቆርጠው?»

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። በቅርቡ ያገለገለ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 10 ሪቮልቨር ገዛሁ። ምላጩ ከባድ ነው፣ ስስበውም ይንገጫገጫል። ተኩስ ሜዳ ስሄድ ጥይቱ ሁሌ ወደ ታችና ወደ ግራ ይሄድብኛል። አንዱ ጓደኛዬ «ሞላውን አስቆርጠው» ይላል። ሌላው «ጥይት ሳታጎርስ ቤትህ ደጋግመህ ሳበው፣ በራሱ ይለሰልሳል» ይላል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ የሁለተኛውን ስማ። የመጀመሪያው ሽጉጥህ አጠገብ እንዳይደርስ።

መምቻውን፣ ማለትም ከኋላ ሆኖ ጥይቱን የሚመታውን ብረት፣ ቀድመህ በአውራ ጣትህ ካልጎተትከው ምላጯ ብዙ ሥራ አለባት። ጥይት የሚጎርሰውን ከበሮ ታዞራለች፣ ዋናውን ሞላ ታጎብጣለች፣ መምቻውን ወደ ኋላ ወስዳ ትለቀዋለች። እሷን ራሷን የሚመልሳትን ትንሽ ሞላም ትጫናለች። ይሄ ሁሉ ከ10 እስከ 12 ፓውንድ ጉልበት ይፈልጋል። ሽጉጡ ደግሞ የሚመዝነው 2 ፓውንድ ከምናምን ነው። ታዲያ ቢነቃነቅ ምን ይገርማል? አንተ ቀኝ እጅ ከሆንክ መጨረሻ ላይ ቸኩለህ ትጨመድደዋለህ። መዳፍህ በሙሉ አብሮ ይጨብጣል፣ አፈሙዙም ወደ ግራ ይደፋል።

በባዶ መሳብ ብረቱን ያለሰልሰዋል? ትንሽ። እርስ በርስ የሚፋተጉት ክፍሎች ሻካራነታቸው ይቀንሳል። ሞላው ግን ያው ነው። በደንብ የሚለሰልሰው ጣትህ ነው።

መንገጫገጩን ግን በሌላ ነገር እጠረጥረዋለሁ። ይሄ ሽጉጥ ከ1899 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ነው፤ «ሞዴል 10» የተባለው በ1957 ነው። ያገለገሉት ብዙዎቹ ፖሊስ ወገብ ላይ ያረጁ ናቸው። መሳቢያ ውስጥ ዓመታት ከተኛ ዘይቱ ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛል። መጀመሪያ መሣሪያ ጠጋኝ ዘንድ ወስደህ ውስጡን አስጸዳው። ግማሹ ችግር እዚያ ሊያልቅ ይችላል።

የምላጯን ሞላ ካስቆረጥክ ምላጯ ቶሎ አትመለስም። መያዣው ፊት ላይ ያለችውን፣ ዋናውን ሞላ የምትጫነውን ብሎን ብታላላ ደግሞ ይቀልልሃል፣ ግን መምቻው የጥይቱን ቂጥ በደንብ አይመታም። ቀጭ ይላል፣ አይተኩስም። ለሱቅህ ብለህ የገዛኸው መሣሪያ እንዲህ ሲያደርግህ አስበው።

ለልምምዱ ማታ 10 ደቂቃ ይበቃል። ከበሮውን አውጣና ስድስቱንም ቀዳዳ በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ጥይቱ ሌላ ክፍል ይሁን፤ ኪስህ ማለቴ አይደለም። እዚህ አገር ብዙው የአፓርታማ ግድግዳ ጂፕሰም ነው፣ ጥይት ዘልቆት ጎረቤት ይገባል። ወደ ጡብ ወይም ወደ ምድር ቤቱ ኮንክሪት አነጣጥር። ለመምቻው መርፌ ካሰብክ ስናፕ ካፕ የሚባለውን የውሸት ጥይት ግዛ፣ ውድ አይደለም። .22 ሪቮልቨር ካለህ ግን ያለ እሱ በባዶ አትሳበው፤ መርፌው የቀዳዳውን ጠርዝ ይጎዳል።

ከዚያ የፊተኛዋን ማነጣጠሪያ ብቻ እያየህ፣ ሳትቆም ሳትቸኩል፣ አንድ ወጥ አድርገህ ሳብ። ቀጭ ስትል ማነጣጠሪያዋ ካልተነቃነቀች ይዘኸዋል ማለት ነው። አንዳንዱ አናቷ ላይ ሳንቲም ያስቀምጣል። እኔ አልወደውም፣ ዓይን ሳንቲሙ ላይ ይቀራል። ስትለቅም ምላጯ እስከ መጨረሻ ትመለስ። ግማሽ መንገድ ላይ መልሰህ ከሳብካት ልትያዝብህ ትችላለች።

ሲበቃህ «አበቃ» ብለህ ጮክ ብለህ ተናገር፣ ሽጉጡንም ቆልፍበት። ጥይት ካጎረሱ በኋላ «እስቲ አንዴ ልድገም» የምትባለዋ ናት ቴሌቪዥን የምታስበሳው።

ከወር በኋላ ተኩስ ሜዳ ሄደህ ሞክረው። አሁንም ወደ ግራ ከሄደብህ ጣትህ ምላጯ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ እይ። ጫፉ ብቻ ከሆነ የሚደርሰው መያዣው ለእጅህ ወፍሯል፤ ቀጭን መያዣ አስቀይር።