አስታማሚዋን ማን ያስታምማት?

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ወጣት ያዘችኝ። እዚሁ ዊኒፔግ አረጋውያን መንከባከብ ልትጀምር ነው። «ሲስተር፣ ከካናዳ ነባር ተወላጆች ጋር ለመሥራት የትኛው ኮርስ ይሻለኛል?» አለችኝ። የዛሬ ልጆች ደግሞ ለሁሉም ነገር ሰርተፍኬት ትወዳላችሁ! ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ክሪ ከሚባለው የነባር ተወላጆች ሕዝብ የሆኑ አንዲት እናትና ልጃቸው ትዝ እያሉኝ እንቅልፍ አጣሁ።

እናትየው ወደ ሆስፒታላችን ከክፍለ ሀገራችን ከማኒቶባ ሰሜን በአውሮፕላን ነው የመጡት። የመርሳት በሽታው ጸንቶባቸው እንግሊዝኛው ጠፍቷል፤ የቀራቸው ክሪኛ ነው። ዳቦ በሶፍት ጠቅልለው ትራስ ሥር ይደብቃሉ። ሠራተኛው ሰብስቦ ይጥለዋል፤ መዝገብ ላይ «የባህርይ ችግር» ተብሎ ይጻፋል። ማታ መብራት ሲጠፋ ይጮሃሉ። ነገሩን የነገረችን ልጃቸው ናት። በልጅነታቸው ከቤተሰብ ተነጥለው ለነባር ተወላጆች ልጆች የተቋቋመ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ነበር። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ከ150,000 በላይ ሕፃናት አልፈዋል፤ የመጨረሻዎቹ የተዘጉት ገና በ1990ዎቹ ነው። እዚያ ረሃብ ነበር። በእናት ቋንቋ መናገር ያስገርፍ ነበር። በረድፍ የተደረደረ አልጋ፣ ደወል፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው... ሆስፒታሉ ለእሳቸው ያው ትምህርት ቤት ሆነባቸው።

ልጅቷ ብዙ አልጠየቀችም። እናቷ አጠገብ ልደር አለች። ወጥታ እህል እስክትቀምስ የሚቀመጥላት ሰውም ፈለገች። የመጠየቂያ ሰዓት አልቋል ተባለች። ስለ አስታማሚዎች ጭንቀት የተጻፈ የብሮሹር ክምር ግን አሸከሟት! በመጨረሻ እናት እዚህ ከተማ አረጋውያን መኖሪያ ገቡ፣ ልጅ ብቻዋን ወደ ሰሜን ተመለሰች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እኛ ሐበሾች ሽማግሌ ማክበር እናውቅበታለን እንላለን። አዎ፣ እናውቅበታለን። ግን በዚህ አትመኩ። ከኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ ከማኦሪ የሆኑት ነርስ ኢሪሃፔቲ ራምስደን እዚያው አገራቸው ያስተማሩት ይህንን ነው፤ እንክብካቤው ባህሌን አልነካብኝም፣ ተከብሬበታለሁ ብሎ የሚፈርደው ነርሷ ሳትሆን ታካሚው ነው። ስለዚህ አትገምቱ። ቅጠል አጭሰው መጸለይ የሚፈልጉ ቤተሰቦች አሉ፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱም ሞልተዋል። ጠይቁ። ቅጠሉን የሚያጨሱ ከሆነ የጭስ ማንቂያውን ጉዳይ ቀድማችሁ ከሕንፃው ኃላፊ ጋር ጨርሱት።

የማስታወስ ፈተናውም ቢሆን ያው ነው። ዕድሜውን በአደን ያሳለፈን ሰው የእንግሊዝኛ ቃል ፊደሎችን ከኋላ ወደ ፊት ጥራ ማለት ምን ይባላል? ኦንታሪዮ ውስጥ የማኒቱሊን ደሴት ነባር ተወላጆች የሆኑት አኒሺናቤዎች፣ ኪምበርሊ ለተባለው የአውስትራሊያ አካባቢ ነባር ተወላጆች የተሠራ የማስታወስ መመዘኛ ለራሳቸው እንዲስማማ አድርገው አዘጋጅተዋል። ፈልጋችሁ አንብቡ።

ኮርሱስ? ኧረ ውሰዱት። የእነዚያን አዳሪ ትምህርት ቤቶች ጉዳይ የመረመረው የካናዳ የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን በ2015 ካወጣቸው 94 ጥሪዎች 23ኛው የጤና ባለሙያዎች ሁሉ የታካሚን ባህል አክብሮ በመሥራት ይሠልጥኑ ይላል። ክፍያውን ግን ከኪሳችሁ አታውጡ፤ አሠሪያችሁን ጠይቁ።