ለቬትናሞች የተከፈተው በር ለእኛ ለምን ጠበበ?

«በሱዳን መጠለያዎች ብዙ ሕዝባችን ሲቀመጥ፣ መንግሥታት ተባብረው ቬትናሞችን ብቻ በገፍ ያሰፈሩት ለምንድን ነው?» ብለው ለጠየቁት፣ ከሥራዬ የተረዳሁትን እጽፋለሁ፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እኔ በ1983 ከካርቱም ወደ አሜሪካ ከገባሁ በኋላ፣ አዲስ ገቢ ስደተኞችን በሚቀበል ድርጅት ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። አጠገቤ ትሠራ የነበረችው ባልደረባዬም የስደተኞች መጠለያ በነበረችው በማሌዥያዋ ፑላው ቢዶንግ ደሴት ወራት ያሳለፈች ቬትናማዊት ናት።

ብዙዎች ነገሩን የርኅራኄ ሥራ አድርገው ያነሡታል። ርኅራኄው አልጠፋም፤ በካናዳ ቤተ ክርስቲያናትና ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው ቤተሰብ ስፖንሰር ያደርጉ ነበር። ይሁን እንጂ ሥራውን ያንቀሳቀሰው ሰጥቶ መቀበል ነው። በ1979 አጋማሽ የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ከቬትናም በጀልባ የሚሸሸውን አዲስ ስደተኛ አንቀበልም ብለው ጀልባዎችን ወደ ባሕር መመለስ ሲያበዙ፣ በጁላይ 65 መንግሥታት ጄኔቭ ላይ ተሰበሰቡ። ጎረቤት አገሮች ለጊዜው ሊያስጠልሉ፣ ሩቅ ያሉት ወስደው ሊያሰፍሩ፣ ቬትናምም የጀልባውን ጉዞ ገትታ ሰዎች በሕጋዊ መንገድ እንዲወጡ ልትፈቅድ ተግባቡ። ለማስፈር ቃል የተገባው የስደተኛ ቁጥርም ከ125,000 ወደ 260,000 ከፍ አለ። የማሌዥያ ባለሥልጣናት ሰዉ እንደሚወሰድላቸው ስላወቁ ነው ባልደረባዬ ስሟ በድምፅ ማጉያ እስኪጠራ ደሴቲቱ ላይ መቆየት የቻለችው።

ይኸው ልውውጥ ሲላላ መዘዙም ታየ። በሰማንያዎቹ መጨረሻ ተቀባዮቹ ሲሰለቹና ጀልባዎቹ እንደገና ሲበዙ፣ በ1989 ሌላ ስምምነት ተደርሶ፣ ከተወሰነ ቀን በኋላ የደረሰ ሁሉ ስደተኛነቱ በቃለ መጠይቅ እንዲጣራ ተደረገ። ዘግይቶ የደረሰው የባልደረባዬ ታናሽ ወንድም ማጣሪያውን ስላላለፈ ወደ አገሩ ተመልሷል። ይህን ስትናገር ድምፅዋ ይቀየር ነበር።

ወደ እኛ ስመለስ፣ እኔ የገባሁበት የ1980ው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ራሱ በአብዛኛው ከቬትናሞቹ መብዛት የተነሣ የወጣ ነው። ነገር ግን አሜሪካ በቬትናም ተዋግታ ስለነበር ዕዳ ይሰማት ነበር፤ የእኛን ጉዳይ እንዲህ የሚቆጥረው አልነበረም። ሱዳንም መቶ ሺዎችን ይዛ፣ ካልወሰዳችሁልኝ ድንበሬን እዘጋለሁ ብላ ዓለምን አላስጨነቀችም። ስለዚህ እኔ በገባሁበት ዓመት አሜሪካ ለመላው አፍሪካ የመደበችው ኮታ ጥቂት ሺህ ብቻ ነበር።