ስለ ልጆች ቁመት ጠይቁኝ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የሕፃናት ሐኪም ነኝ። ዛሬ ማታ ተረኛ አይደለሁም፤ ብርዱም ከቤት አያስወጣም። ስለ ቁመትና ጉርምስና ያላችሁን ጠይቁ።

ልጄ 7 ዓመቷ ነው፤ ጡቷ ማጎጥጎጥ ጀምሯል። ከጓደኞቿ ሁሉ ትረዝማለች። ጎረቤት «ሎጋ ትሆናለች» ይለኛል። (ከመሐል ሜዳ)

እህቴ፣ እኔ እንደ ጎረቤትሽ ደስ አላለኝም። ሴት ከ8፣ ወንድ ከ9 ዓመት በፊት ጉርምስና ከጀመራቸው መታየት አለባቸው። ዛሬ ትረዝማለች፣ ግን ቶሎ ታቆማለች። ረጃጅም አጥንቶች ጫፋቸው አካባቢ ለስላሳ ክፍል አላቸው፤ ቁመት የሚጨምረው እዚያ ነው። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይህን ክፍል ቀስ በቀስ አጥንት ያደርገዋል። አንዴ ከተዘጋ ወተትም ቅቤም አይከፍተውም። የግራ እጇን ራጅ አስነሺ፤ አጥንቷ ዕድሜዋን ቀድሞ እንደሆነ እዚያ ላይ ይነበባል። ካስፈለገ ጉርምስናን የሚያዘገይ መርፌ አለ።

ኤስትሮጅን የሴት አይደል እንዴ? የወንዱንስ ማን ይዘጋዋል?

ያው ኤስትሮጅን! የወንድ ሰውነት ቴስቶስትሮን ከሚባለው የወንድ ሆርሞን ይሠራዋል። በ1994 እ.ኤ.አ. ሐኪሞች ስለ አንድ የ28 ዓመት ሰው ጽፈው ነበር። ቁመቱ 204 ሴንቲ ሜትር፣ ገና እያደገ። ቴስቶስትሮን አላነሰውም፤ ሰውነቱ ኤስትሮጅንን አይሰማም ነበር። ይሄን ታሪክ ለተማሪዎች ሳልነግር አልውልም።

ውጭ ያለችው የእህቴ ልጅ ትራንስጀንደር ናት፤ ስትወለድ ወንድ ተብላ ነበር። ጉርምስናን የሚያስቆም መርፌ ጀምራለች። ቁመቷን ያሳጥረዋል?

መርፌው ለመሐል ሜዳዋ ልጅ ካልኩት ጋር አንድ ዓይነት ነው። በመርፌው ጊዜ እንደ ጎረምሳ መመዘዙ ይቀራል። ግን አጥንቱም ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው፤ የማደጊያ ጊዜው ይረዝማል። አንዱ ያጎደለውን ሌላው ይሞላዋል። አምስተርዳም ያሉ ሐኪሞች እንዲህ ያሉ ልጆችን አዋቂ እስኪሆኑ ተከታትለዋል። ቁመታቸው አስቀድሞ ከተገመተው ብዙም አልራቀም። ከፍ ያለ መጠን ኤስትሮጅን የወሰዱት ግን ጥቂት አጠር ብለዋል። ቴስቶስትሮን የወሰዱት ትራንስ ወንዶችም (ሲወለዱ ሴት የተባሉት) አላጠሩም። እኔ ብሆን ከቁመቱ ይልቅ የአጥንቷን ጥንካሬ እጠይቅ ነበር፤ በመርፌው ጊዜ የአጥንት መጠንከር ወደኋላ ይቀራልና ክትትል ይፈልጋል።

ወንዱ ልጄ 13 ሆኖት ከክፍሉ አጭሩ እሱ ነው። (ከሸዋ ሮቢት)

ጋሼ፣ እርስዎስ ዘግይተው ነበር የጎረመሱት? ብዙ ጊዜ በዘር ነው። የእርስዎንና የእናቱን ቁመት ይደምሩ፣ 13 ይጨምሩበት፣ ለሁለት ያካፍሉ። 172 እና 158 ከሆናችሁ 171.5 ይመጣል፤ ከዚያ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወዲህ ወዲያ ነው። 14 ሞልቶት ምንም የጉርምስና ምልክት ካላሳየ ይዘውት ይምጡ።

ብረት ላይ መንጠልጠል ያረዝማል?

አያረዝምም። ሰው ጠዋት ከማታው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ረዘምኩ ብለህ ከሆነ፣ ጠዋት ተለክተህ ይሆናል።