ጠባሳ የማይረሱ ታሪኮች

«‹የቀለበቶቹ ጌታ›ን ጨርሻለሁ፤ ቀጥሎ የትኛውን ረጅም የፋንታሲ ተከታታይ ላንብብ? ገና ያላለቀ ሥራስ መጀመር ይገባኛል?» ብለው ለጠየቁት የቡድናችን አባል፣ ከሃያ ዓመት በላይ ኤፒክ ፋንታሲ (በሰፊ ምናባዊ ዓለም የሚካሄድ የአስማትና የጀብድ ታሪክ) እንዳነበበ ሰው የራሴን ምርጫ ከነምክንያቱ ባቀርብ ደስ ይለኛል።

በወጣትነቴ አንድን ተከታታይ የምመዝነው በዓለሙ ስፋት ነበር፤ ካርታው በሰፋ፣ የአስማቱም ሕግ በረቀቀ መጠን መጽሐፉን አብልጬ እወደው ነበር። ሮበርት ጆርዳን እ.ኤ.አ. በ1990 የጀመረው «የጊዜ መንኮራኩር» ለዚህ ፍላጎቴ ሲባል የተጻፈ ይመስለኝ ነበር። ወንዶች የሚጠቀሙበት የአስማቱ ኃይል ክፍል የተበከለ በመሆኑ፣ ዓለምን እንዲያድን የሚጠበቀው ወጣት ኃይሉን በተጠቀመ ቁጥር ወደ እብደት መቅረቡን አሁንም አደንቃለሁ። ይሁን እንጂ መካከለኞቹ ቅጾች፣ በተለይም አሥረኛው፣ እጅግ ያዘግማሉ፤ እኔም እርሱን የጨረስኩት ሁለት ጊዜ አቋርጬ ነው። ጆርዳን በ2007 ካረፈ በኋላ ብራንደን ሳንደርሰን ከማስታወሻዎቹ ተነሥቶ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቅጾች ጽፏል፤ ታሪኩም በ2013፣ በ14ኛው ቅጽ ተፈጽሟል።

ሚዛኔን የለወጠችው ሮቢን ሆብ ናት። የፊትዝን ታሪክ በ1995 ጀምራ በ2017 ስትፈጽመው ዘጠኝ መጻሕፍት ሆኗል። የልዑል ዲቃላ የሆነው ፊትዝ በባልደራሱ እጅ አድጎ ለንጉሡ በስውር እንዲገድል ይሠለጥናል። ከሩቅ ካለ ሰው አእምሮ ጋር የሚያገናኘው ኃይል ጉልበቱን ይመጠዋል፤ እንደ ሱስም ይጠራዋል። ከአንድ ተኩላ ጋር ያለውን የአእምሮ ትስስር ደግሞ ሰዎች ቢያውቁበት ስለሚጠሉት ይደብቀዋል። እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን በመጀመሪያው መጽሐፍ የደረሰበት ጉዳት ሁለተኛው ሲጀመር እንዳልነበረ አለመቆጠሩ ነው፤ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ መመለስንም ይፈራል። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ተከታታይ ሳነብ የምጠይቀው፣ ገጸ ባሕርዩ ትናንት የከፈለው ዋጋ ዛሬም በአካሉና በልቡ ላይ ይታያል ወይ ብዬ ነው።

እርስዎ ያነበቡት የቶልኪን ሥራም ይህ አለው፤ ቀለበቱን የተሸከመው ፍሮዶ የተወጋበት ቀን በየዓመቱ ሲመለስ ቁስሉ ያመዋል፣ ያዳናት አገሩም እርሱን ልታሳርፈው አልቻለችም። ይህ ክፍል ልብዎን ነክቶት ከሆነ ከሆብ ጋር በቀላሉ ይግባባሉ ብዬ አምናለሁ።

ኡርሱላ ሊ ጉዊን ደግሞ በ1968 በጀመረችው «ኧርዝሲ» ይህንኑ በጥቂት ገጽ ትሠራዋለች። ወጣቱ አስማተኛ ጌድ በትዕቢት የለቀቀው ጥላ መሰል ፍጡር ፊቱ ላይ ጠባሳ ይተውበታል። ሦስተኛው መጽሐፍ ከወጣ ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ1990 በታተመው አራተኛው፣ ኃይሉን ያጣ ሰው እንዴት ይኖራል የሚለውን ጥያቄ ትጋፈጣለች። ብዙ አንባቢ ጦርነትና ጀብድ ስለሚያጣበት ይህን መጽሐፍ አይወደውም፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጠዋለሁ። የስቲቨን ኤሪክሰን «ማላዛን» አሥር ቅጾች ታላቅ ሥራ ቢሆኑም፣ አንባቢውን ያለ ማብራሪያ ጦርነት መካከል ስለሚጥሉት ለሁለተኛ ምርጫ አልመክራቸውም።

ያላለቀን ሥራ በተመለከተ፣ የጆርጅ ማርቲን «የበረዶና የእሳት መዝሙር» አምስተኛ ቅጽ በ2011 ከወጣ ወዲህ አንባቢው ስድስተኛውን ሲጠብቅ ኖሯል። እኔ በማንበቤ አልተጸጸትኩም፤ ሦስተኛውን ቅጽ ደግሜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ነገር ግን መጨረሻ ማጣት የሚያስከፋዎት ከሆነ ከ1995 እስከ 1997 በወጡት በሆብ የመጀመሪያ ሦስት መጻሕፍት ይጀምሩ፤ የራሳቸው መደምደሚያ ስላላቸው፣ ካልወደዷቸው እዚያው ማቆም፣ ከወደዷቸውም ፊትዝን እስከ እርጅናው መከተል ይችላሉ።