ጥያቄና መልስ፦ ሰውነት የሰው ኩላሊት እንዲለምድ ማድረግ ይቻላል?

ስለ ንቅለ ተከላ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ አልራራችሁልኝም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰውነት የሌላ ሰው አካል ያለ መድኃኒት ሊለምድ ይችላል የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ?

ከላም! መንታ ጥጆች እናታቸው ሆድ ውስጥ ሳሉ የደም ሥራቸው በእንግዴ ልጁ በኩል ይገናኛል። በ1945 አሜሪካዊው ሬይ ኦወን አንድ ነገር አሳየ፦ የማይመሳሰሉት መንትዮች እንኳ ካደጉ በኋላ አንዱ የሌላውን የደም ሴል ይዞ ይኖራል። ሰውነታቸው አይቃወምም፤ አብሮ አደግ ነዋ።

እንግሊዝ አገር ደግሞ ፒተር ሜዳዋር፣ ቢሊንግሃምና ብሬንት ይህንኑ ሆን ብለው ሞከሩት። ገና ላልተወለዱ አይጦች የሌላ ዝርያ አይጥ ሴል ወጉ። ሲያድጉ ከዚያው ዝርያ ቆዳ ተከሉላቸው። በ1953 ባወጡት ዝነኛ ሙከራ ከ5ቱ አይጦች 3ቱ ቆዳውን ተቀበሉ። ሜዳዋር በ1960 ከአውስትራሊያዊው ሳይንቲስት በርኔት ጋር ኖቤል ተሸለመ። ኦወን መዘለሉ እኔን እስካሁን ያንገበግበኛል።

አዋቂ ሰው ግን ሽል አይደለም። እሱስ?

ዋናው መንገድ መቅኒ ነው። የተቀባዩን የሰውነት መከላከያ ያዳክሙና የለጋሹን መቅኒ ይሰጡታል። ከደረት አጥንት ኋላ ያለችው ታይመስ ዕጢ የመከላከያ ሴሎች ትምህርት ቤት ናት። የለጋሹ ሴሎች እዚያ ከገቡ፣ እነሱን ለማጥቃት የተዘጋጁ አዳዲስ ሴሎች ገና ሳይመረቁ ይወገዳሉ። ቦስተን ያለው የእነ ዴቪድ ሳክስ ቡድን ይህን ከአይጥ ጀምሮ በአሳማና በጦጣ ሲፈትሽ ኖሯል። በ2008 ደግሞ ከአንድ ለጋሽ ኩላሊትና መቅኒ ስለወሰዱ 5 ሰዎች ጻፈ። 4ቱ የሰውነት መከላከያን የሚያዳክመውን መድኃኒት አቁመዋል፤ አንዱ ኩላሊቱን አጥቷል።

አይጥ ላይ የሠራው ሰው ላይ ለምን ይከብዳል?

የላብራቶሪ አይጥ ከበሽታ ተጠብቃ ያደገች ቅምጥል ናት። እኛ ግን ስንቱን ጉንፋን አሳልፈናል! ያለፈ በሽታ የሚያስታውሱ ሴሎች አሉን፤ አንዳንዶቹ የለጋሹን ሴል ከድሮ ጠላት ጋር ያምታቱታል።

ሁሉም አካል እኩል ያስቸግራል?

ኧረ የለም። ቆዳ ክፉ ነው፤ ጉበት ገር ነው። በ1969 የእነ ሮይ ካን ቡድን አንዳንድ አሳማዎች ያለ መድኃኒት የሌላ አሳማ ጉበት ይዘው እንደሚኖሩ አሳይቷል።

ወንድሜ አዲስ አበባ ኩላሊት ተተክሎለት ደህና ነው። መድኃኒቱን ቢያቆምስ?

በፍጹም! እነዚያ 4 ሰዎች መቅኒም ወስደው፣ በሐኪም ዓይን ሥር ቀስ በቀስ ነው ያቆሙት። ወንድምህ ደህና የሆነው ኪኒኑን ስለሚውጥ ነው። ይልቅ ሰዓቱን እንዳይረሳ ስልኩ ላይ አላርም ሙላለት።