መልስ፦ አንባቢ እንዲመለስ ሌላ ፕለጊን ልጨምር ወይ?
አብሽር ወንድሜ። የባቲን የሰኞ ገበያ ዋጋ በምታወጣበት የዎርድፕረስ (የድረ ገጽ መሥሪያ) ገጽ ላይ አምስት ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) ጭነህ፣ አንባቢ እንዲመለስ «ሌላ ልጨምር ወይ?» ላልከው፣ ለዚያ ብለህ አትጨምር። እንዲያውም ብቅ እያለ «ተመዝገቡ» የሚለውን መስኮት ዛሬውኑ አውጣው፤ ትንሽ ስልክ ላይ መዝጊያዋ ከስክሪኑ ውጭ ትቀርና ሰው ገጹን ጥሎ ይሄዳል።

አንባቢን የሚመልስልህ የኢሜይል ማሳወቂያው ነው፤ እሱን አስተካክል። ኢሜይሉ ስፓም (የአላስፈላጊ መልእክት ሳጥን) ውስጥ የሚወድቀው ዎርድፕረስ በቀጥታ ገጹ ካለበት ሰርቨር ስለሚልክ ነው። የምትጨምረው አንድ ብቻ ነው፦ ኢሜይሉን በኢሜይል አገልግሎት በኩል የሚልክ የኤስኤምቲፒ ፕለጊን ጫን፤ ዶሜይንህ (የገጽህ አድራሻ) ላይም ኢሜይሉ በእርግጥ ያንተ መሆኑን የሚያረጋግጡትን ኤስፒኤፍና ዲኪም አስገባ።

እሑድ ማታ እንዲላክ የቀጠርከው ኢሜይል ሰኞ ረፋድ የሚደርሰው ደግሞ የዎርድፕረስ ክሮን (የተቀጠረን ሥራ በሰዓቱ የሚያስጀምረው) በራሱ ስለማይነቃ ነው፤ ሰው ገጹን ካልከፈተ ይተኛል። ነጋዴው ፍየሉን ነድቶ ከወጣ በኋላ ያለፈው ሳምንት ዋጋ ቢደርሰው ምን ይረባዋል! ሆስቲንግህ (ገጽህን የሚያስቀምጥልህ አገልግሎት) ላይ በየ15 ደቂቃው ይህንን ሥራ የሚቀሰቅስ ክሮን ጆብ አስቀምጥና የዎርድፕረሱ ክሮን በጎብኚ መቀስቀሱን ዝጋ።

የሰዓት ቅንብሩንም እይ። ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ላይ ከቀረ ኢሜይሉ 3 ሰዓት ይዘገያል፤ አዲስ አበባ አድርገው። የእኛ ማታ 2 ሰዓት ዎርድፕረስ ላይ የሚጻፈው 20:00 ተብሎ ነው።